የአባባ ክንድ

ጉለሌ፣ ከቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ብዙም የማይርቅ ሰፈር። ሲስተር ከኦፕራሲዮን ክፍል ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ጠያቂው አባቱን ለኩላሊት እጥበት የሚያመላልስ የጎረቤት ልጅ ነው።

— ሲስተር፣ አባባ ለእጥበቱ የተተከለላቸው ቱቦ፣ ግራፍቱ፣ ያለበት ክንዳቸው ቀልቷል። ማታ ደግሞ ሲያንቀጠቅጣቸው አደረ። አሞክሳሲሊን ገዝቼ ልስጣቸው?

— እንዳታደርገው! ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዳቸው። መጀመሪያ ደም ለካልቸር ይወሰድ፣ መግል ካለም እሱው። ኪኒኑ ከቀደመ ባክቴሪያው ላብራቶሪ ውስጥ አልበቅል ይላል፤ ሐኪሙም በግምት ያዛል። ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ግን ውጤት አይጠበቅም፣ መድኃኒቱ በደም ስር ወዲያው ይጀመራል።

— ጠንከር ያለ መርፌ ካገኙ ይሻላቸዋላ?

— ትኩሳቱ ይበርድ ይሆናል። ልጄ፣ ያ ቱቦ እኮ ፒቲኤፍኢ የሚሉት ነው፤ መጥበሻ ላይ የሚቀባው ቴፍሎን ራሱ። ደም በውስጡ ያልፋል እንጂ ግድግዳውን የሚመግብ ደም ስር የለም። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ከቆዳ ላይ ተነስቶ በእጥበቱ መርፌ ቀዳዳ ይገባና ይለጠፍበታል፤ ከዚያ የወንዝ ድንጋይ ላይ እንደሚያዳልጠው ዓይነት ልባስ ይሠራል። እዚያ ሥር ከተደበቀ ቫንኮማይሲን እንኳ አይጨርሰውም። መድኃኒቱ ሲቆም ተመልሶ ይነሳል።

— ሊያወጡት ነው እንዴ?

— ብዙውን ጊዜ አዎ። መግሉ ቱቦውን ሁሉ ከከበበው ወይም ደማቸው ከተመረዘ ሙሉውን ያወጡታል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ የተበከለውን ቆርጠው በንጹሕ ሥጋ በኩል አዲስ ቅጥያ ያሳልፋሉ፤ የቀረው ክፍል ዳግመኛ ሊያመረቅዝ እንደሚችል ግን እወቅ። አንቲባዮቲኩ ለሳምንታት ይቀጥላል። እጥበቱ እስከዚያው በጊዜያዊ ካቴተር።

— አጎቴም ሆዱ ውስጥ፣ ትልቁ ደም ቅዳ ላይ ተተክሎለታል። እሱስ ቢያመረቅዝ?

— ያኛው ከባድ ነው። ተበጥሶ ሊፈስ፣ ወደ አንጀትም ሊቀደድ ይችላል። ቀዶ ሐኪሞች አቅም ላለው በሽተኛ ቱቦውን አውጥተው ከራሱ ጭን በተወሰደ ደም መልስ ይተኩለታል፤ ወይም ከሞተ ሰው በተለገሰ ደም ቅዳ፣ ወይም ሪፋምፒሲን ውስጥ በተነከረ የዳክሮን ቱቦ።

— ሪፋምፒሲን? የቲቢው?

— ያው ጴጥሮስ ሆስፒታል ለስንቱ ሲሰጥ የኖረው። ያን ልባስ ዘልቆ ይገባል። ብቻውን ከተሰጠ ባክቴሪያው ቶሎ ስለሚለምደው ሌላ መድኃኒት ይታከልበታል። ኦፕራሲዮኑን የማይችል ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ኪኒን እየዋጠ ይኖራል፤ ማዳን ሳይሆን ማስታገስ ነው።

— መጀመሪያውኑ ቱቦው ባይገባስ?

— ይሻል ነበር። ብሬሺያና ቺሚኖ የሚባሉ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት ፊስቱላ አለ፤ የራስን ደም መልስ ከደም ቅዳ ጋር ማገናኘት። እሱ በጣም ያነሰ ነው የሚያመረቅዘው። የአባትህ ደም ስር ቀጥኖ ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ካቴተሩማ ከሁሉም የባሰ ነው።

— እህቴ ኩላሊቷን ልትሰጣቸው ነበር።

— ትስጥ፣ ግን ኢንፌክሽኑ ሳይጠፋ አይነኳቸውም። ቅዱስ ጳውሎስ ንቅለ ተከላውን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምርም ሕጉ ያው ነበር፣ የትም አገር ያው ነው። አዲሱን ኩላሊት ሰውነት እንዳይገፋው የሚሰጠው መድኃኒት የመከላከል አቅምን ያዳክማል።

— እናቴ ደግሞ እንጦጦ ጠበል ይግቡ እያለች ነው።

— ይጠጡ። ክንዳቸው ግን እንዳይርጠብ። ድንገት ደም ከፈነዳ ጨርቅ አትከምርበት፣ ደሙ ይደበቅብሃል። ንጹሕ ጎዝ አድርገህ ቀዳዳው ላይ በጣትህ ጫን፣ ክንዳቸውን ወደ ላይ አንሳ፣ ሐኪም ቤት እስኪደርሱ እንዳትለቅ።

— እሺ፣ ልሂድ።

— ቆይ፣ ሲተከልላቸው የተሰጣቸውን ወረቀት ያዝ። ቱቦው ከየት ወዴት እንደተዘረጋ እሱ ላይ አለ፤ ያለሱ ቀዶ ሐኪሙ እየዳበሰ ነው የሚፈልገው።