ከፋይናል በኋላ የሚቆይ ጥናት

በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚወስዱት፣ ማለፊያው 50 በመቶ የሆነው የመውጫ ፈተና፣ ተማሪው በቀደሙት ዓመታት የወሰዳቸውን ዋና ዋና ኮርሶች ጭምር የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በግቢ ሕይወት ውስጥ ሥር የሰደደውን የአንድ ሌሊት ጥናት ድክመት ገሃድ አውጥቶታል። ለፋይናል ተሸምድዶ ጥሩ ውጤት ያስገኘ ሃንድአውት ከሁለት ዓመት በኋላ ሲገለጥ እንግዳ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በተማሪው ስንፍና ምክንያት አይደለም፤ የተጠናበት መንገድ ዕውቀቱን ከዚያች ሳምንት አሳልፎ የማቆየት አቅም ስላልነበረው ነው።

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው የትውስታ ጥናት፣ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች ራሱ በቃሉ እየያዘ፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ዳግመኛ ለመያዝ የሚፈጅበትን ልፋት በመለካት፣ መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጅግ ፈጣን እንደሆነና ከዚያ ወዲያ እየዘገመ እንደሚሄድ አሳይቷል። ይህ ሂደት በመስመር ሲነደፍ የመርሳት ኩርባ ይባላል። ከዚህ በመነሣት የዘርፉ ባለሙያዎች የሚመክሩት የተራራቀ ጥናት የሚባለውን ስልት ነው፤ ይኸውም ለአንድ ርዕስ የሚውለውን ጊዜ በአንድ ቁጭታ ከመጨረስ ይልቅ፣ ጥቂቱን ትምህርቱ በተሰጠበት ምሽት፣ ጥቂቱን ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ፣ የቀረውንም በሳምንቱ ማዋል ማለት ነው። ጠቅላላው ሰዓት ሳይጨምር የሚገኘው ጥቅም ግን ይጨምራል።

ከዚህ ይልቅ ተማሪዎችን የሚያስገርመው ሁለተኛው ግኝት ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ከፊሎቹ ደግመው እንዲያነቡት፣ ከፊሎቹ ደግሞ ወረቀቱን ሳያዩ ያስታወሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት 81 በመቶ፣ የጻፉት 75 በመቶ አስታወሱ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገልብጦ የአንባቢዎቹ 42፣ የጸሐፊዎቹ 56 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ደጋግሞ ማንበብ ገጹን ለዓይን ያለማምዳል፤ ተማሪውም ይህን መለማመድ ዕውቀት ነው ብሎ ስለሚወስደው፣ ባዶ የመልስ ወረቀት ፊቱ እስኪቀርብ ድረስ መታለሉን አያውቅም። ያነበቡትን ከአእምሮ ፈልቅቆ ማውጣት በአንጻሩ አድካሚና ደስ የማይል ነው፤ የሚያጸናው ግን ያ ድካም ራሱ ነው።

ይህ አሠራር ለአገሩ ባዕድ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው የተቀበለውን ቃል መጽሐፍ ሳይገልጥ ለመምህሩ ወይም ከፍ ላለ ተማሪ ያሰማል፤ በቅኔ ቤት ደግሞ በተማረው መንገድ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል። የዛሬው የሽምደዳ ልማድ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ውርስ ከሆነም የተወረሰው ግማሹ፣ ያውም የቀለለው ግማሽ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በቃል መያዙ ሲቀጥል ማሰማቱ ተዘንግቷልና።

አስታውሶ የማውጣቱ ስልት በዶርም ወይም በቤተ መጻሕፍት ሥራ ላይ ሲውል፣ አንድን ምዕራፍ አንብቦ ሃንድአውቱን መዝጋትና በነጭ ወረቀት ላይ የታወሰውን አስፍሮ ከዚያ በኋላ ብቻ ከሃንድአውቱ ጋር ማስተያየት ይበቃል። ከሲኒየሮች የሚገኘው የቀድሞ ፈተና ጠቃሚ የሚሆነውም መልሱ ሳይታይ ሲሠራ ነው። የቡድን ጥናት እርስ በርስ መጠያየቅ ካለበት ይረዳል፤ አንዱ ጎበዝ ሲያስረዳ ሌሎቹ ራሳቸውን የሚነቀንቁበት ከሆነ ግን የሚማረው አስረጂው ብቻ ነው። ስልክን ሎከር ውስጥ ቆልፎ መምጣትና በቂ እንቅልፍ መተኛት ተደጋግሞ የተባለ ስለሆነ እዚህ ማብራሪያ አያሻውም።

የሚከብደው ይህን ዘወትር ማድረጉ ነው። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን ባካሄዱት ጥናት አንድ ተግባር ያለ ግድ የሚፈጸም ልማድ እስኪሆን ድረስ የወሰደው ጊዜ በአማካይ 66 ቀን ገደማ ሲሆን፣ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ተለያይቷል። ተግባሩን ቋሚ ከሆነ ነገር ጋር፣ ለምሳሌ ከካፌ እራት በልቶ ከመመለስ ጋር ማያያዝ ሥራውን ያቀለዋል። እንግዲህ ሴሚስተሩ በተከፈተ ሳምንት የጀመረ ተማሪ ሚድ ባለፈ ሰሞን ልማዱ ሊጸናለት ይችላል፤ የፈተና ፕሮግራም እስኪለጠፍ የጠበቀ ግን ለዚያ ሴሚስተር አይደርስም። በዚያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል በልማዱ አመሠራረት ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት እንዳላደረሰ ስለታየ፣ ለበዓል ወይም ለሕመም አንድ ምሽት ያመለጠው ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን መቁጠር አይጠበቅበትም።