ትምህርት ዘጠኝ፦ አድራጊና ተደራጊ ግሥ በአቤቱታ ጽሑፍ

ግሥ ድርጊቱን የፈጸመውን ባለቤት አድርጎ ሲያቀርብ አድራጊ፣ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ባለቤት አድርጎ ሲያቀርብ ደግሞ ተደራጊ ይባላል። «ሰበረ» እና «ወሰደ» አድራጊ፣ «ተሰበረ» እና «ተወሰደ» ተደራጊ ግሦች ናቸው። ይህ ልዩነት ለፖሊስ በሚቀርብ አቤቱታ ውስጥ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከዚህ በታች እንመለከታለን።

ሀ. ምንባብ

የቆመ መኪና መስታወት ሰብሮ ዕቃ መውሰድ ወይም ስፖኪዮ ነቅሎ መሄድ በከተሞቻችን የሚያጋጥም ወንጀል ነው። ይህ ጉዳት መርካቶ ውስጥ በአንድ ባለመኪና ላይ ደረሰ እንበል። አቤቱታውን በሁለት ዓይነት መንገድ ሊጽፈው ይችላል፤ አነጻጽሩ።

አንደኛ፦ «መኪናዬን የሚጠብቀው ልጅ መስታወቱን ሰብሮ ቦርሳዬን ሰረቀብኝ።»

ሁለተኛ፦ «መኪናዬን ከቀኑ 9 ሰዓት መርካቶ ከአንድ የጨርቅ መደብር ፊት ለፊት አቁሜ ሄድሁ። በ10 ሰዓት ተኩል ስመለስ የቀኝ የኋላ በር መስታወት ተሰብሮ አገኘሁት። በወንበሩ ላይ ትቼው የነበረው ጥቁር የቆዳ ቦርሳም ተወስዷል። መኪናውን እንዲጠብቅ አደራ ያልሁት ልጅ በቦታው አልነበረም።»

ለ. ማብራሪያ

ባለመኪናው የተሰበረውን መስታወት እንጂ የሰበረውን ሰው አላየም። በአንደኛው አጻጻፍ ግን አድራጊ ግሥ በመጠቀሙ ግምቱን እንደ ዓይን ምስክርነት አቅርቧል። ልጁ ምናልባት ሌላ መኪና ለማስቆም ሄዶ ይሆናል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20፣ በፍርድ ሂደት ላይ ያለ ተከሳሽ እንኳ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በችኮላ የተመረጠ አንድ ግሥ ንጹሕ ልጅን ለእስር ሊዳርግ ይችላል። ሁለተኛው አጻጻፍ ልጁ በቦታው አለመኖሩን አልደበቀም፤ ነገር ግን አልፈረደበትም።

በሌላ በኩል ተደራጊ ግሥ ለመሸሸጊያም ይውላል። ባለመኪናው «ቦርሳው ተረስቶ ነበር» ቢል ኖሮ የረሳው ሰው ማንነት ይሰወር ነበር። «ትቼው የነበረው» በማለቱ ግን የራሱን ድርሻ ገለጸ። ከውጭ የሚታይ ዕቃ ሌባን እንደሚጋብዝ አንባቢም ከዚህ ይማራል።

«መስታወት» ብሎ ማለፍም አይበቃም። የበር መስታወት አብዛኛውን ጊዜ ሲመታ ወደ ጥቃቅን ስብርባሪ ይበተናል። የፊቱ ግን በሁለት መስታወቶች መካከል ፕላስቲክ ስላለበት ይሰነጠቃል እንጂ በቀላሉ አይረግፍም። ስለዚህ የትኛው እንደተሰበረ መጻፍ ለመርማሪው ይጠቅማል።

ሐ. ደንብ

1. ፈጻሚውን በዓይናችሁ ካያችሁ በአድራጊ ግሥ ጻፉ።
2. ያያችሁት ውጤቱን ብቻ ከሆነ በተደራጊ ግሥ ጻፉ።
3. ራሳችሁ ያደረጋችሁትን በተደራጊ ግሥ አትሸሽጉ።

መልመጃ

1. «ሌቦች ስፖኪዮውን ነቅለው ወሰዱ» የሚለውን፣ ድርጊቱን እንዳላየ ሰው ሆናችሁ በተደራጊ ግሥ ጻፉ።
2. «የመኪናው በር ሳይቆለፍ ቀርቶ ነበር።» ይህ ዓረፍተ ነገር ምን ይሰውራል? አስተካክላችሁ ጻፉ።
3. ስለ ጠፋ ዕቃ አንድ አንቀጽ አቤቱታ ጻፉ፤ ያያችሁትን ከገመታችሁት ለዩ።