ቲቢው ድኖ ሳሉ ሲቀር፦ አክታን ቤት ውስጥ የማውጣት አሠራር

የ6 ወሩን የቲቢ መድኃኒት በሥርዓቱ ጨርሰው፣ ከዓመታት በኋላም በየጠዋቱ አክታ ያለው ሳል የሚያስላቸው ሰዎች በአዲስ አበባ ከገርጂ እስከ አያት በየሰፈሩ አሉ። ሳሉ ወይ «ብርድ ነው» ተብሎ ይታለፋል፣ ወይ ሳይመረመር ቲቢው ተመለሰ ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ጀርሙ ጠፍቶ ጠባሳው ነው የቀረው፦ የአየር ቧንቧው ይሰፋል፣ አክታን ወደ ላይ የሚጠርገው ጥቃቅን ፀጉር ይጎዳል፣ የተጠራቀመው አክታ ሌላ ጀርም ያራባል፣ ጀርሙም ቧንቧውን መልሶ ያቆስላል። ሐኪሞች ብሮንኪየክታሲስ ይሉታል። በዘር የሚወረሰው ሲስቲክ ፋይብሮሲስም ሳንባን የሚጎዳው በዚሁ መንገድ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ቲቢና የልጅነት የሳንባ ምች ቀድመው ይጠረጠራሉ።

መጀመሪያ አክታዎን ጤና ጣቢያ ያስመርምሩ። ቀድሞ ቲቢ እንደታከሙ መናገር አይርሱ፤ ጂን ኤክስፐርት የተባለው የቲቢ ምርመራ የሞተ ጀርም ቅሪትንም ሊያሳይ ስለሚችል፣ ጀርሙን አሳድጎ የሚያይ ምርመራ (ካልቸር) ሊያስፈልግ ይችላል። ራጅ ጉዳቱን ሊስተው ይችላል፤ ቁርጡን የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው። ለሳንባ ስፔሻሊስት ሪፈር ያጽፉ።

ጉዳቱ ከታወቀ ዋናው ሥራ ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ፣ ማታም ከእራት በፊት፣ ወንበር ላይ ቀና ብለው ይቀመጡ። የአየር ቧንቧን የሚከፍት፣ በትንፋሽ የሚሳብ መድኃኒት ታዝዞልዎ ከሆነ ቀድመው ይውሰዱ። ትከሻዎን ለቀቅ አድርገው ለአንድ ደቂቃ ያህል በዝግታ ይተንፍሱ። ከዚያ በአፍንጫ በጥልቀት ስበው እስከ 3 እየቆጠሩ ይያዙና ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ ይህን 3 ወይም 4 ጊዜ ይድገሙት። ትንሽ ያርፉ። አሁን አፍዎን ከፍተው፣ መስታወት በትንፋሽ እንደሚያደበዝዝ ሰው «ሃ» ብለው ከሆድ ይግፉ። ጉሮሮ ሳይጨነቅ አክታው ሲንቀሳቀስ ይሰማዎታል፤ ወደ ላይ ሲደርስ አንዴ ስለው ክዳን ባለው ዕቃ ይትፉት። ዙሩን ከመጀመሪያው እየደጋገሙ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይቀጥሉ። ካዞረዎት ያቁሙ።

አክታውን ሁልጊዜ ይዩት። ከወትሮው ከበዛ፣ ከወፈረ ወይም ወደ አረንጓዴ ካደላ፣ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝተው ከመዋጥ ይልቅ ለሐኪም ያሳዩ።

ጭስ ሳሉን ስለሚያባብስ ቡና ሲፈላ ዕጣኑ ቢቀር ይመረጣል፤ በተለይ በኮንዶሚኒየም ጠባብ ሳሎን የከሰሉ ጭስ መውጫ የለውም። ሲጋራ ጨርሶ አይታሰብ።

አክታው ላይ ደም ካዩ ልምምዱን አቁመው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ደሙ በርከት ካለ ቀንም ሆነ ሌሊት በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል።