ታሪክን በዘጋቢ ፊልም ስለ መተረክ፤ ከአሜሪካ እስከ ጋሞ ደጋ

ታሪክ የዓመተ ምሕረትና የጦር ሜዳ ስም ዝርዝር መስሎ የሚታየን ተማሪዎች ጥቂቶች አይደለንም። ለፈተና እናጠናዋለን፤ ፈተናው ሲያልፍ እርሱም አብሮ ያልፋል። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ስለ ሌላ ሰው አገር ጦርነት የተሠራ አንድ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ስለዚህም ያየሁትን ለጓደኞቼ ላካፍል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

ፊልሙ ኬን በርንስ የተባለው አሜሪካዊ ስለ አገሩ የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865) የሠራው ሲሆን፣ በቴሌቪዥን የታየው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1990 ነው። ዘጠኝ ክፍል አለው፤ ርዝመቱም ከ11 ሰዓት ያላነሰ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጦርነቱ በተደረገ ጊዜ የሚንቀሳቀስ ፊልም ገና አልተፈጠረም ነበር፤ ቀርቦ የሚናገር ወታደርም በሕይወት አልቀረም። ሰውየው በእጁ የነበረው በአብዛኛው ፎቶግራፍና ደብዳቤ ነው። እርሱም ካሜራውን በፎቶግራፉ ላይ ቀስ እያደረገ አስጓዘው፤ ከብዙ ወታደሮች መካከል ወደ አንዱ ፊት አቀረበው፤ በዚያም ላይ የዘመኑን ሰው ደብዳቤ በተዋናይ ድምፅ አስነበበ። ሱሊቫን ባሉ የሚባል መኮንን ለሚስቱ ከጻፈ በሳምንቱ ቡል ረን በተባለው ጦር ሜዳ ቆስሎ፣ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሞተ። በዚያ ጦርነት ከ600 ሺህ በላይ ወታደር አለቀ ተብሎ ሲነገረን አንደነግጥም። የባሉ ደብዳቤ ሲነበብ ግን ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ እርስ በርሳችን ላለመተያየት አቀርቅረን ነበር።

ከበስተ ኋላ የሚሰማው የቫዮሊን ዜማ ከዚያው ዘመን የመጣ ይመስላል፤ የተደረሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ ተታለልን አሉ። እኔ በበኩሌ አልነቅፈውም፤ ዜማ ምስክር ነኝ ብሎ አልቀረበምና። ሐሰተኛ ደብዳቤ አስነብቦ ቢሆን ኖሮ ግን ነገሩ ሌላ ነበር።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ነቀፋ ከታሪክ ምሁራን የመጣው ነው። ኤሪክ ፎነርና ሊዮን ሊትዋክ ፊልሙን አጥብቀው ተችተዋል። በፊልሙ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ሼልቢ ፉት የተባለ የደቡብ ተወላጅ ደራሲ ነው፤ አነጋገሩ የሚጣፍጥ ሽማግሌ ነው። የጥቁሮች ነፃነት ትግልና ከጦርነቱ በኋላ የደረሰባቸው ግፍ ግን የተሰጠው ቦታ ትንሽ ነው። እንግዲህ የሰው ድምፅ ታሪክን ሕያው ያደርጋል ካልን፣ የማን ድምፅ ስንት ደቂቃ ተሰጠው ብሎ መጠየቅ ይገባናል።

በእኛም ወገን ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ አድዋ ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል። የ1888 ዓ.ም. ጦርነት በፊልም ስላልተነሣ፣ በአገር ባህል የተሣሉ ሥዕሎችን፣ ዘፈንንና የአረጋውያንን ቃል አገናኝቶ ተረከው። በርንስ በደብዳቤ የሠራውን ኃይሌ በአፍ ታሪክ ሠራው ማለት ይቻላል።

የጋሞን ታሪክ ለመተረክ የሚነሣ ሰውም ዋና መዝገቡ የሰው አፍ ነው። በጽሑፍ ከሚገኘው ብዙው ከውጭ የመጣ ሹም ወይም ተመራማሪ የጻፈው ነው። ጎብኚውም የዝሆን ፊት የሚመስለውን የዶርዜ ቤት ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል።

እኔም ብልህ መስሎኝ ባለፈው ዕረፍት ከአንድ የጨንቻ ልጅ ጋር ከአርባ ምንጭ ሙቀት ወደ ደጋው ጉም ወጣሁ። አንድ አረጋዊ ሸማኔ ዘንድ ወሰደኝ። ስልኬን ከፊታቸው አቁሜ ጥያቄዬን ከወረቀት ላይ አነበብሁ፤ «አባባ፣ በወጣትነትዎ ዘመን የሸማኔዎች የኢኮኖሚ ሁኔታ ምን ይመስል ነበር?»

«ደኅና ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።

ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ጥያቄ እንዲሁ በሁለት ቃል መለሱልኝ። አፍሬ ስልኬን ኪሴ ከከተትሁ በኋላ፣ ጓደኛዬ ጠርዙ ስለ ተበላው አሮጌ መወርወሪያቸው በጋሞኛ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ሥራቸውን አቁመው ከግማሽ ሰዓት በላይ ተናገሩ፤ ሳቁ፤ በመጨረሻም ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ጋሞኛ ስለማልችል የገባኝ ሳቁና ዝምታው ብቻ ነው። የቀረውን ጓደኛዬ ስንወርድ መኪና ውስጥ ነገረኝ። መወርወሪያው የአባታቸው ኖሯል፤ አባታቸው ይዘውት በእግር አዲስ አበባ ሄደዋል፤ በመንገድ ታመው ሲወድቁ ያሳደረቻቸው ሴት ስም ሳይቀር በቤታቸው ይታወሳል፤ ሽሮ ሜዳ ሲደርሱም በአንዲት ጠባብ ክፍል ከብዙ ሸማኔ ጋር ተጣበው ያድሩ ነበር። በስልኬ የቀረው ግን «ደኅና ነበር» የሚለው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰውን ስለ «ሁኔታ» አልጠይቅም፤ በእጁ ስለ ያዘው ዕቃ እጠይቃለሁ እንጂ። ቋንቋውም የተናጋሪው መሆን አለበት፤ ትርጉሙ በኋላ ከምስሉ ሥር ሊጻፍ ይችላል። ዝምታውንም ቆርጦ መጣል አይገባም።

ወደ ደቂቃው ጥያቄ ልመለስ። በጋሞ ባህል ማላ የሚባሉት በዱቡሻው፣ ማለትም በጉባኤው አደባባይ፣ ቃላቸው ሲሰማ፣ ማናና ደጋላ የተባሉት ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ አልፊዎችና ብረት ቀጥቃጮች ለብዙ ዘመን ተገልለው ኖረዋል። ቆዳ አልፊው መፋቂያውን ከድንጋይ ሲጠርብ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይታይ ነበር፤ ይህን የመሰለ እጅ ካሜራ ፊት ሳይቀርብ የአባቶችን ንግግር ብቻ ብንቀርጽ የበርንስን ስሕተት በአገራችን መድገማችን ነው። የሴቶችም ነገር እንዲሁ ነው። የዲታ መሪ የነበሩት የጪማቴ ጩምባሎ የሕይወት ታሪክ በመጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ጸሐፊዋም ጁዲት ኦልምስቴድ የተባሉ አሜሪካዊት ናቸው። ምስጋና ይገባቸዋል፤ እኛንም ትንሽ ሊያሳፍረን ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሩቁ ዘመን አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው በተሰማ ጊዜ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ተቈጥተው ወጡ። አባቶችም እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ምስሉን አገር ሁሉ አይቶታል። ነገር ግን ሣር ይዞ የለመነን አባት ረግጦ ማለፍ ለምን ጎሜ እንደሚሆን፣ ጎሜ የተባለውም ነውር በቤትና በእርሻ ላይ ምን ያመጣል ተብሎ እንደሚፈራ የአንድ ደቂቃ ምስል ሊነግረን አይችልም። ወጣቱስ ሲመለስ ምን እያለ ተመለሰ? ቁጣው በዚያው በረደለት ወይስ ይዞት ቤቱ ገባ?

እነዚያ ወጣቶች ዛሬም አሉ፤ ከኛ በዕድሜ ብዙም አይርቁም። ከአንባብያን መካከል በዚያን ዕለት በመንገዱ ላይ የነበረ ቢኖር፣ ከምሳ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ በር ቢፈልገኝ ቡናው በኔ ነው። ስልኬን ሁለተኛው ሲኒ እስኪቀዳ ድረስ ከኪሴ አላወጣም፤ ጋሞኛ የሚችለው ጓደኛዬም አብሮኝ ይኖራል።