ትምህርት አሥራ ሁለት፦ የምክር ደብዳቤ አጻጻፍ

ሀ/ መግቢያ

ተማሪዎች፣ ባለፈው ትምህርት ለመሥሪያ ቤት የሚጻፍ ማመልከቻ አጭርና ቀጥተኛ መሆን እንደሚገባው ተምራችኋል። ዛሬ የምታጠኑት ደግሞ ቤተሰብ ከቤት ርቆ ለሚማር ልጁ የሚጽፈውን የምክር ደብዳቤ ነው። ለምሳሌ የተመረጠው በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለተመለሱ ተማሪዎች ከቤት የሚጻፍ ደብዳቤ ነው።

«እኛ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነን፤ የወላጅ ደብዳቤ አጻጻፍ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን በብዙ ቤት ብዕሩን የሚይዘው ወላጅ አይደለም። አባትና እናት ይናገራሉ፤ ዘጠነኛ ወይም ዐሥረኛ ክፍል የደረሰው ልጅ ይጽፋል። መልእክቱ በስልክ የሚላክ ቢሆንም እንኳ ፊደሉን የሚነካው ጣት የእናንተ ነው። ስለዚህ ርቆ ለሚገኘው ወንድማችሁ ወይም ለእኅታችሁ የሚደርሰው ቃል በእናንተ እጅ ያልፋል። ይህም ቀላል ኀላፊነት አይደለም።

ለ/ ምንባብ፦ ወረርሽኙና ተማሪው

የዓለም የጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ በሽታው በኢትዮጵያ መገኘቱ ተገለጸ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ጥቂት ቆይተው ወደየቤታቸው ተሸኙ። አንዳንድ የዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤቶች ከውጭ አገር ለሚመለሱ መንገደኞች ለይቶ ማቆያ ሆኑ። በ2013 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች በየተራ ሲከፈቱ አስቀድመው የተጠሩት ተመራቂ ተማሪዎች ነበሩ።

ተማሪው ሲመለስ ግቢው ያው ግቢ ነበር፤ ኑሮው ግን ተለውጦ ጠበቀው። በዚያን ጊዜ «እጃችሁን ታጠቡ፣ ጭምብል አድርጉ፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ» የሚለው ምክር በየቦታው ይሰማ ነበር። በተደራራቢ አልጋ ከብዙ ጓደኞቹ ጋር ለሚያድር፣ ለምግብ ለሚሰለፍ፣ በቤተ መጻሕፍት አንድ አግዳሚ ወንበር ለሚጋራ ተማሪ ይህን ሁሉ መፈጸም አስቸጋሪ ነው። በዚህ ላይ የልብ ሸክም ተጨመረበት። ወራት ባክነዋል፤ ምረቃ ዘግይቷል፤ «በሽታውን ይዤ ብሄድ አያቴን እገድላለሁ» የሚል ስጋትም ከብዙዎች ልብ አልጠፋም።

አገራችን ከዚህ በፊትም ወረርሽኝ አይታለች። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ እጅግ ብዙ ሰው ፈጅቷል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠልበት፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድም ከዚያ መከራ ጋር የተያያዘ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲ በአገሩ አልነበረም። ልጁን ሩቅ ግቢ ውስጥ አስቀምጦ ወረርሽኙን መጠበቅ ለዚህ ዘመን ቤተሰብ አዲስ ፈተና ሆነ። እናት ትኩሳቱን በመዳፏ መለካት አልቻለችም። የቀራት ቃሏ ብቻ ነበር።

የዓለም የጤና ድርጅት የወረርሽኙ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል። ከዚያ ዘመን የሚገኘው ትምህርት ግን አላበቃም፤ ክፉ ቀን በሌላ ስም ሊመለስ ይችላልና።

ሐ/ የመጀመሪያው ደብዳቤ

የሚከተለው ደብዳቤ ለትምህርቱ የተዘጋጀ ነው። በጥሞና አንብቡት።

«ልጃችን ሆይ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አደራሽን፣ ከክፍልሽ አትውጪ። ከማንም ጋር አትቀራረቢ። በሽታውን አትፍሪ፤ አትጨነቂ፤ ቤትሽንም አትናፍቂ። የሄድሽው ለትምህርት ነውና ውጤትሽን እንዳታበላሺ። የጎረቤታችን ልጅ በሁሉም አንደኛ ናት ይባላል። አንቺ ብትታመሚ እናትሽ እንደማትተርፍ እወቂ። ደኅና መሆንሽን ጻፊልን።»

ይህ ደብዳቤ ከፍቅር የመነጨ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም ተቀባይዋን ምን ያህል ይረዳታል? አንድ በአንድ እንመልከተው።

1. «ከክፍልሽ አትውጪ» የሚለው ትእዛዝ ሊፈጸም አይችልም። ምግቡም ትምህርቱም ከክፍሉ ውጭ ነው።

2. «ከማንም ጋር አትቀራረቢ» የሚለው ከበሽታ ሲጠብቃት ለብቸኝነት አሳልፎ ይሰጣታል።

3. የጎረቤት ልጅ የተጠቀሰችው ለማበርታት ነው፤ የሚሰማት ግን ወቀሳ ነው።

4. «እናትሽ አትተርፍም» የሚለው ቃል አፍ ይዘጋል። ልጅቱ ብትታመም እናቷን ላለመግደል ስትል ሕመሟን ትደብቃለች።

5. «ደኅና መሆንሽን ጻፊልን» የሚለው መልሱን አስቀድሞ ወስኖላታል። ደኅና ካልሆነች የምትጽፈው የላትም።

መ/ ሰዋስው፦ የትእዛዝ፣ የጥያቄና የ«ብ» አጠቃቀም

የደብዳቤው ጉድለት ከልብ ሳይሆን ከግሥ አጠቃቀም የመጣ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ሦስት ነጥቦች አስተውሉ።

አንደኛ፣ ትእዛዝ አንቀጽ የሚስማማው እጅና እግር ሊፈጽሙት ለሚችሉት ድርጊት ነው። «ታጠቢ፣ ክፈቺ፣ ሂጂ» ሊታዘዙ ይችላሉ። «አትፍሪ፣ አትጨነቂ፣ አትናፍቂ» ግን በቅርጽ ትእዛዝ ይሁኑ እንጂ በተግባር አይታዘዙም። ፍርሃት በአዋጅ አይወጣም። «አትጨነቂ» የተባለች ልጅ ጭንቀቷን አትተውም፤ የምትተወው መናገሯን ነው። ሊታዘዝ በሚችለው ግሥ ላይም ምክንያቱ ቢጨመርበት ይበልጥ ይደመጣል።

ምሳሌ፦ «መስኮቱን ክፈቱ።»
የተሻለው፦ «በሽታው በትንፋሽ ስለሚተላለፍ፣ አየር እንዲዘዋወር መስኮቱን ብትከፍቱት መልካም ነው።»

ሁለተኛ፣ ጥያቄ ሰላምታና መጠይቅ ተብሎ ይከፈላል። «እንደምን ነሽ?» ሰላምታ ነው። መልሱ በባህላችን አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ታማሚም ቢሆን «ደኅና ነኝ» ይላል። «ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሻል? ምሳ ከማን ጋር ትበያለሽ?» ግን መጠይቅ ነው፤ የራሱን መልስ ይፈልጋል። በሰላምታ ጀምሩ፤ በሰላምታ ብቻ ግን አትጨርሱ።

ሦስተኛ፣ «ብ» የተባለው መነሻ ሁኔታን ያመለክታል፤ የዐረፍተ ነገሩን መንፈስ የሚወስነው ግን ተከትሎት የሚመጣው ዋናው ዐረፍተ ነገር ነው።

ምሳሌ፦ «ብትታመሚ እናትሽ አትተርፍም።»
ምሳሌ፦ «ብትታመሚ ሳትደብቂ ንገሪን፤ የሚደረገውን አብረን እናደርጋለን።»

መነሻው አንድ ነው፤ መድረሻው ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው በር ይዘጋል፤ ሁለተኛው በር ይከፍታል።

ሠ/ የተስተካከለው ደብዳቤ

ኅዳር ....... ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጃችን፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደኅና ነን። አያትሽ ታመው ነበር። ጤና ጣቢያ ወስደን አስመረመርናቸው፤ ኮሮና አለመሆኑ ታወቀ። አሁን ከአልጋ ተነሥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ይህን የምንጽፍልሽ ከሌላ ሰው ሰምተሽ እንዳትደነግጪ ነው። የጤፉ አጨዳ ተጀምሯል፤ ላሚቱም ወልዳለች።

በላክንልሽ ጥቅል ውስጥ አምስት የጨርቅ ጭምብል፣ ሳሙናና በሶ አለ። ጭምብሉን የሰፋችው እናትሽ ናት፤ እያጠብሽ እንድትለዋውጪው ነው አምስት ያደረገችው። በሶው ለክፍል ጓደኞችሽም ይበቃል፤ በየራሳችሁ ኩባያ በጥብጡት። ገንዘቡን እንደ ቀድሞው ወር በገባ በአምስተኛው ቀን እንልካለን፤ የሚዘገይ ከሆነ አስቀድመን እናስታውቅሻለን።

በክፍላችሁ ስንት ሆናችሁ ታድራላችሁ? መስኮቱ ይከፈታል ወይ? ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሻል? ምሳ ከማን ጋር ትበያለሽ? ከሁለት ከሦስት ጓደኞችሽ ጋር ከዛፍ ሥር ራቅ ራቅ ብላችሁ ተቀምጣችሁ ብትጫወቱ ደስ ይለናል። ብቻውን የሚውል ሰው ሐሳቡ ይበዛበታል።

ትኩሳት ወይም ሳል ቢጀምርሽ፣ ወይም ማሽተት ቢያቅትሽ፣ ሳትቆዪ ወደ ግቢው ክሊኒክ ሂጂ፤ ለእኛም ንገሪን። መታመም ጥፋት አይደለም። ለይቶ ማቆያ ብትገቢ በየማታው እንደውልልሻለን። ትምህርቱ ቢከብድሽም ለአማካሪ መምህርሽ አስረጂ። ውጤት ዝቅ ቢል በሌላ ጊዜ ይካካሳል፤ አንቺን የሚተካልን ግን የለም።

ደስ ያለሽንም የከፋሽንም ጻፊልን።

አባትሽና እናትሽ
ጸሐፊ፦ ታናሽ ወንድምሽ

ይህ ደብዳቤ ትእዛዝ አልጎደለውም፤ «በጥብጡት፣ ሂጂ፣ ንገሪን» ይላል። ነገር ግን ሁሉም ሊፈጸሙ የሚችሉ ናቸው። የቤቱን ወሬ በእውነት ስለ ነገራት እርሷም እውነቱን ለመንገር ትደፍራለች። ወላጆቿ የሚልኩበትን ቀን ስለ ነገሯት አንድ ጭንቀት ቀንሶላታል፤ «አትጨነቂ» የሚል ቃል ግን በውስጡ የለም።

ረ/ የጸሐፊው አደራ

1. የተነገራችሁን ጻፉ፤ ያልተነገራችሁን አትጨምሩ። አባታችሁ «አትጨነቂ በላት» ቢሉ ቃሉን በራሳችሁ ሥልጣን አትለውጡ። «አባባ፣ ስለ ምን እንደምትጨነቅ ብንጠይቃት አይሻልም ወይ?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ውሳኔው የእርሳቸው ነው።

2. ደብዳቤውን ከማሸጋችሁ በፊት ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው።

3. መልሱ ሲመጣ ለእናንተ ብቻ የተጻፈ ነገር ቢኖርበት በሰው ፊት አታንብቡት።

4. መርዶ በደብዳቤ ወይም በስልክ አይነገርም። በባህላችን መርዶ የሚረዳው ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ብቻውን ሳይሆን ነው። በቤት ሐዘን ቢደርስ በአቅራቢያዋ የሚገኝ ዘመድ ወይም የቅርብ ጓደኛ አብሯት ሆኖ እንዲነግራት ይደረግ። እስከዚያው ድረስ ዝም ማለት ይቻላል። የሞተውን «ደኅና ነው፤ ሰላም ይልሻል» ብሎ መጻፍ ግን አይገባም። እውነቱ የታወቀ ዕለት የቤቱን ቃል ሁሉ መጠራጠር ትጀምራለችና።

ሰ/ ደብዳቤ የማይበቃበት ጊዜ

ማንኛውም ተማሪ አንዳንድ ቀን ይከፋዋል፤ ይህ የተለመደ ነው። ነገር ግን እኅታችሁ ወይም ወንድማችሁ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ ክፍል መግባት ካቆመ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ ይልቁንም «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ቃል ከጻፈ፣ ለዚህ ደብዳቤ አይበቃም። የሰማችሁትን ሳትውሉ ሳታድሩ ለወላጆቻችሁ ንገሩ፤ «ለማንም እንዳትነግሩ» ተብላችሁ ቢሆንም እንኳ ንገሩ። ቤተሰቡ በዚያው ቀን ይደውል፤ አብሮት የሚያድረው ጓደኛው ከአጠገቡ እንዳይለይ ይለምን፤ ለተማሪዎች ዲን ያስታውቅ፤ ወደ ሐኪም የሚወስደው ሰው ይፈልግ፤ ከተቻለም አንድ ሰው ይሂድ። ምስጢር ጠባቂነት መልካም ጠባይ ነው፤ ሕይወት ግን ከምስጢር ይበልጣል።

ሸ/ መልመጃ

መልመጃ 1፦ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. በመጀመሪያው ደብዳቤ ውስጥ ልጅቱ ሕመሟን እንድትደብቅ የሚያደርጋት የትኛው ዐረፍተ ነገር ነው? ለምን?
2. በተስተካከለው ደብዳቤ ውስጥ የአያትየው መታመም የተነገረው ለምንድን ነው?
3. በ1911 ዓ.ም. የነበረ ቤተሰብና በ2013 ዓ.ም. የነበረ ቤተሰብ ወረርሽኝን ሲጠባበቁ ምን ልዩነት ነበራቸው?

መልመጃ 2፦ ከሚከተሉት ግሦች ሊታዘዙ የሚችሉትንና የማይችሉትን ለዩ።

ተኛ፤ ታጠብ፤ ደስ ይበልህ፤ አትዘን፤ ጻፍ፤ እርሳው፤ ብላ፤ አትናፍቅ።

«ተኛ» በየትኛው ወገን ይመደባል? ምክንያታችሁን ለክፍሉ አስረዱ።

መልመጃ 3፦ የተስተካከለውን ደብዳቤ አራተኛ አንቀጽ («ትኩሳት ወይም ሳል ቢጀምርሽ...» የሚለውን)

ሀ. ለወንድ ልጅ እንደ ተጻፈ አድርጋችሁ በ«አንተ» ጻፉት፤
ለ. ለታላቅ አክስታችሁ እንደ ተጻፈ አድርጋችሁ በ«እርስዎ» ጻፉት። በአክብሮት ቅርጽ ሲጻፍ የትኛው ዐረፍተ ነገር እንደማይስማማ አመልክቱ።

መልመጃ 4፦ ዛሬ ማታ ከወላጆቻችሁ ወይም ከአሳዳጊዎቻችሁ ጋር ተቀመጡ። ከቤት ርቆ ለሚማር፣ ለሚሠራ ወይም ለታመመ አንድ ዘመድ ሊሉት የሚፈልጉትን ይንገሯችሁ፤ እናንተም ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ደብዳቤ ጻፉ። በደብዳቤው ውስጥ ቢያንስ አንድ እውነተኛ የቤት ወሬ፣ ሦስት መጠይቆችና አንድ ሊፈጸም የሚችል ምክር ይኑሩበት። ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው፤ ያርሙት። ለመምህራችሁ የምታሳዩት ግልባጩን ነው፤ ዋናውን ለባለቤቱ ላኩት።