ጾሙ ከመግባቱ በፊት



ባለፈው ዓመት በጾመ ነቢያት ሁለት አባሎቻችን በመዝሙር ክፍል ጉዳይ ተቀያይመው ነበር። ሁለቱም ጾሙን ሳያጓድሉ ፈጸሙ፤ ግን ሰላምታ አልተሰጣጡም። እኛም እያየን ዝም አልን። ለመሆኑ ያ ጾም ምን ጾም ነበር?

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 እንደምናነበው፣ በሰባተኛው ወር በዐሥረኛው ቀን ሕዝቡ ሁሉ ራሱን እንዲያዋርድ ታዟል። ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ይገባ ነበር። ከሁለት ፍየሎች አንዱ ይሠዋል፤ በሁለተኛው ላይ የሕዝቡ ኃጢአት ተናዝዞበት ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል። አይሁድ ይህን ቀን ዮም ኪፑር ይሉታል፤ ከዋዜማው ጀምበር መጥለቂያ እስከ ማግስቱ ምሽት እህልም ውኃም አይቀምሱም። የአገራችን ቤተ እስራኤል ደግሞ «አስተስርዮ» ይሉታል። ቃሉ በጸሎታችን «ሥርየት» ከምንለው ጋር አንድ ነው።

ከአስተስርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን ሌላ የጾምና የንስሐ በዓል አላቸው፤ ስግድ ይባላል። በጎንደር፣ በአምቦበር፣ ሕዝቡ ቄሶቹን ተከትሎ ተራራ ይወጣ ነበር። አንዳንዱ ለትሕትና ድንጋይ ይሸከማል። በተራራው ላይ ኦሪት ይነበባል፣ ይሰገዳል፤ ከዚያም ወርደው ጾሙን በአንድነት ይፈታሉ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም በዓሉን አልተዉትም፤ በ2000 ዓ.ም. በዚያ አገር በሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የጥንት የአይሁድ መምህራን፣ ዕለቱ ሰው በእግዚአብሔር ላይ የበደለውን እንደሚያስተሰርይ፣ ባልንጀራውን የበደለ ግን አስቀድሞ ካልታረቀ ሥርየት እንደማያገኝ በሚሽና አስተምረዋል። ጌታችንም መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ የተቀየመው መሆኑን ቢያስታውስ፣ መባውን ትቶ መጀመሪያ እንዲታረቅ አዟል (ማቴዎስ ምዕራፍ 5)። ስለዚህ ዕርቅ የጾም በር እንጂ ጌጥ አይደለም።

ወንድሞችና እህቶች፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል። ዳሪሙ ትንሽ ከተማ ናት፤ የማንም ደጃፍ አይርቀንም። ጾሙ ሳይገባ ሽማግሌ ይዘን ወደ ሁለቱ ወንድሞቻችን እንሂድ። ስንሄድም አስቀድመን እኛው ይቅርታ እንጠይቅ፤ እያየን ዝም ብለናልና።