መንጋውን ሳይለቁ እረኝነትን ስለ መማር

አንባቢ ሆይ! በአንድ መንደር አርባ ወይም ሃምሳ ምእመናን እየተሰበሰቡ ይጸልያሉ እንበል። እሑድ ቃሉን የሚያነብላቸው ነጋዴ ነው፤ የታመመውን የሚጠይቀው የልጆች አስተማሪ ነው፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቁት አንድ ገበሬ ሽማግሌ ናቸው። የሚያጠምቅ፥ ቅዱስ ቍርባን የሚያቀብል፥ የሐሰት ትምህርት ሲገባ በሥልጣን የሚከለክል እረኛ ግን የላቸውም፤ ቢመጣም በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር ምን ያድርግ? የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ብልህ ወጣት መርጣችሁ ወደ ከተማ ትምህርት ቤት ላኩት፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ እረኛ ሆኖ ይመለስላችኋል ይባላሉ። ምክሩ መልካም ይመስላል። ነገር ግን ወጣቱ ብዙ ጊዜ አይመለስም። እረኝነትን ሊማሩ የሚገባቸው ይልቁንም ያ ነጋዴ፥ ያ አስተማሪ፥ እነዚያም ሽማግሌ እንደ ሆኑ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳህ እንወዳለን።

አስቀድመህ መጽሐፍ ቅዱስህን ግለጥ። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው በመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ 3 የማኅበር ጠባቂ ሊኖረው የሚገባውን ጠባይ ይዘረዝራል። አንድ በአንድ ቍጠረው። በትዳሩ የታመነ መሆን፥ ራስን መግዛት፥ እንግዳ መቀበል፥ ከስካርና ከጠብ መራቅ፥ ገንዘብን አለመውደድ፥ ቤትን በመልካም ማስተዳደር፥ በውጭ ሰዎችም ዘንድ መመስገን ይገኙበታል። ከዚህ ሁሉ መምህር በወንበሩ ተቀምጦ ሊፈትነው የሚችለው የማስተማር ችሎታን ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። የቀረውን ጎረቤት ያውቀዋል፤ ሚስት ታውቀዋለች፤ ገንዘብ ያበደረው ሰው ከሁሉ ይልቅ ያውቀዋል። ከሰፈሩ ርቆ አምስት ዓመት የኖረ ወጣት ስለ እነዚህ ነገሮች ማን ይመሰክርለታል?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ደግሞ ጳውሎስና በርናባስ በልስጥራን፥ በኢቆንዮንና በአንጾኪያ በኩል ሲመለሱ ለየማኅበሩ ሽማግሎችን እንደ ሾሙ ተጽፏል። ሹመኞችን ከሌላ አገር አላስመጡም፤ የሚሾሙትንም ወደ ኢየሩሳሌም አልወሰዱም። በምዕራፍ 18 የተነገረላቸው አቂላና ጵርስቅላ ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ፤ አጵሎስን የሚያህል አንደበተ ርቱዕ ሰው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ ከፊት ይልቅ አብራርተው ያስረዱት እነርሱ ናቸው። (ይህ ሥራ የወንዶች ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር ስለ ጵርስቅላ ምን እንደሚመልስ ያስብበት።) ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ትምህርት አያስፈልግም የሚል ሰው ይስታል። ያው ጳውሎስ በኤፌሶን በጢራኖስ የትምህርት ቤት ሁለት ዓመት በየቀኑ ሲያስተምር ነበርና። ክርክራችን መማር ይገባል ወይስ አይገባም አይደለም፤ ማን ይማር፥ የትስ ሆኖ ይማር የሚል ነው።

ይህን ክርክር በግልጥ የሚያሳይ ነገር በመካከለኛው አሜሪካ በጓቲማላ ሆኗል። የምንጽፈው ዘመን በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው። የዚያ አገር የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን እረኞችን ለማዘጋጀት በ1938 ሴሚናሪ የሚባለውን የመንፈሳዊ ትምህርት ቤት በዋናው ከተማ አቆመች። በ1962 ሥራው ሲመረመር፥ ከገቡት ከ200 ከሚበልጡ ተማሪዎች በእረኝነት ሥራ ላይ የተገኙት 10 ብቻ ሆኑ። ተማሪዎቹ ሰነፎች ስለ ነበሩ አይደለም። ከገጠር የመጣው ወጣት የከተማን ኑሮ ከለመደ በኋላ ወደ መንደሩ መመለስ ከበደው፤ በከተማ ያደገውም የገጠሩን ኑሮ ሊለምደው አልቻለም። በየመንደሩ ማኅበሩን በእውነት ይመሩ የነበሩት ደግሞ ሚስትና ልጆች፥ እርሻና ንግድ ያሏቸው ሰዎች ነበሩ። እነርሱ ሁሉን ትተው በከተማ ይቀመጡ ዘንድ አይቻላቸውም፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ለእነርሱ እንደ ተዘጋ በር ነበር።

የትምህርት ቤቱ ሰዎችም አስቀድመው ቤቱን ከዋናው ከተማ ወደ ሳን ፌሊፔ ወደምትባል የገጠር ከተማ አዛወሩት። ወደ ሕዝቡ መቅረቡ ግን ብቻውን አልበቃም። ስለዚህ በ1963 ጄምስ ኤመሪና ራልፍ ዊንተር፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሮስ ኪንስለር፥ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሥርዓቱን ገለበጡት፤ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ በመሄድ ፈንታ ትምህርት ቤቱ ወደ ተማሪው ይሂድ አሉ። ለብቻ ለመማር እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ መጽሐፍ ለተማሪው ይሰጠዋል፤ ከሥራው በተረፈው ጊዜ በቤቱ ያነባል፥ ለጥያቄዎቹም መልስ ይጽፋል። በሳምንት አንድ ቀን መምህሩ በአቅራቢያው ወዳለ ስፍራ ይመጣና ከተማሪዎቹ ጋር ይነጋገራል። በየጊዜውም ከየስፍራው ያሉት ሁሉ በዋናው ትምህርት ቤት ይገናኛሉ። የተማሪዎቹ የትምህርት ደረጃ ልዩ ልዩ ስለ ነበረ፥ ጥቂት የተማረውም ብዙ የተማረውም እያንዳንዱ እንደ ችሎታው የሚያነበው ተዘጋጀለት። ይህ ሥርዓት ኋላ ወደ ብዙ የአሜሪካ፥ የአፍሪካና የእስያ አገሮች ተዛመተ።

ዋናው ነገር የመጽሐፉ ብልሃት አይመስለንም። ተማሪው ማክሰኞ የተማረውን እሑድ ይሠራበታል፤ እሑድ ያቃተውን ማክሰኞ ይጠይቃል። ልጇ የሞተባትን እናት ምን ብሎ እንደሚያጽናናት የሚጠይቅ ሰው እናቲቱን ትናንት አይቷታልና፥ መልሱ ለእርሱ የፈተና ነጥብ አይደለም።

ድካም የለበትም አንልም። የሚመች መጽሐፍ ማዘጋጀት ዓመታት ይፈጃል። ቀኑን ሁሉ ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ በመጽሐፉ ላይ ያንቀላፋል፤ የሚጀምሩት ብዙዎች፥ የሚፈጽሙት ጥቂቶች ሊሆኑ ይችላሉ። መምህሩም የመንገድ ሰው ይሆናል፤ መንገድ የሚሰለቸው መምህር ለዚህ ሥራ አይሆንም። በቤቱ የተማረውን እንደ ግማሽ እረኛ የሚቈጥሩም አይጠፉም። በዚህስ አትታወክ፤ መጽሐፉና ፈተናው እኩል ከሆነ ንቀቱ ከልማድ የመጣ ነው።

በአገራችንም ምስክር አለን። ወደ ወላይታ የመጡት የወንጌል መልእክተኞች በሶዶና በአካባቢው ዘጠኝ ዓመት ያህል ካስተማሩ በኋላ፥ በኢጣልያ ወረራ ምክንያት በ1929 ዓመተ ምሕረት አገሩን ለቀው ወጡ። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን ሃምሳ ያህል ብቻ ነበሩ። በወላይታ ቋንቋ የታተመውም የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ሌላ ክፍል ነበር። ሽማግሎቹ ታሰሩ፥ ተገረፉም፤ ከእነርሱም አንዱ ዋንዳሮ ነው። ወረራው አልፎ መልእክተኞቹ ሲመለሱ ግን ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ ምእመናን አገኙ። ያን መንጋ የጠበቁት ገበሬዎች ነበሩ፤ ከመካከላቸው በሴሚናሪ የተማረ አልነበረም። ሆኖም ያልተማሩ ነበሩ ማለት ስሕተት ነው። አስቀድሞ ትምህርት ተሰጥቷቸዋል፤ የተማሩትንም ወዲያው ለሌላ ያስተምሩ ነበር። መንጋው ከበዛ በኋላም የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤቶች ማስፈለጋቸው አልቀረም።

እንግዲህ አንተ ማንበብና መጻፍ የምታውቅ የከተማ ሰው፥ አንቺም እኅቴ፥ ይህ ነገር ወደ እናንተ ይመጣል። በመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ብትሆን፥ ሱቅ ብትጠብቅ፥ ተማሪም ብትሆን ሥራህን ተው አንልህም። ነገር ግን ራስህን በራስህ እረኛ አታድርግ፤ አስቀድመህ ለማኅበርህ ሽማግሎች አሳውቅ፥ የሚቈጣጠርህም የተካነ እረኛ ይኑር፥ ሩቅም ቢሆን። ከዚያ በኋላ አራት ወይም አምስት ሆናችሁ በሳምንት አንድ ማታ ተቀመጡ። ከአንድ ወንጌል ጀምሩ፤ እያንዳንዱ ምዕራፉን በቤቱ አንብቦ፥ ያልገባውንም በደብተር ጽፎ ይምጣ። ሳያነብ የመጣ ይስማ እንጂ አያስተምር።

ከንባቡ በኋላ እያንዳንዱ በሳምንቱ ያደረገውን አገልግሎት ይናገር። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የታመመ ሰው የነገረህን ምስጢር ለባልንጀሮችህም ቢሆን አታውጣ፤ ሥራውን ንገራቸው፥ የሰውዬውን ነውር ግን ሸፍን። በሽተኛ ስትጠይቅ ስብከትህ ይጠር፤ ምን እንደ በላና ማን እንደሚያስታምመው ጠይቅ፥ ውኃ የሚቀዳለት ባይኖር አንተ ቅዳለት። የተጣሉትን ስታስታርቅ የአንዱን ነገር ብቻ ሰምተህ አትፍረድ፤ ከአንዱ ቤት ገብተህ ቡና ከጠጣህም የሌላውን ደጅ አትለፍ። የማኅበሩን ገንዘብ ብቻህን አትቍጠር፤ ሁልጊዜ ሁለት ሆናችሁ ቍጠሩ፥ ሁለታችሁም ፈርሙ። በጓደኞችህ ዘንድ የታመንህ ብትሆን እንኳ እንዲህ አድርግ፤ ብዙ መልካም አገልጋዮችን ያሰናከለ ስርቆት ብቻ አይደለም፥ ሐሜትም ነውና።

አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት በዚህ ከቈየህ በኋላ ሽማግሎቹ አንተ በሌለህበት ማኅበሩን ይጠይቁ። የሚጠየቁትም ወዳጆችህ ብቻ አይሁኑ፤ የቤትህ ሰዎች፥ የጎረቤትህ ክርስቲያን ያልሆነው፥ የሥራህም አለቃ ይጠየቁ። ምስክሩ መልካም ከሆነ፥ መጽሐፉንም በሚገባ ከተማርህ፥ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሥርዓቷ እጅ ትጫንብህ። ገና ነው ቢሉህ አትቀየም፤ በሽተኞቹ ዛሬም አሉና መጠየቅህን አትተው፥ በሚቀጥለውም ሳምንት ማታ ደብተርህን ይዘህ ከባልንጀሮችህ ጋር ተቀመጥ።